ጭብጨባ ኪራይ አይከፍልም

ሥራና ኪራይ ሲያሯሩጡን ሳምንቱ አለቀ።

ከኮሎምቢያ ሃይትስ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወንዙንም ተሻግሮ እስከ አሌክሳንድሪያ ድረስ የሙዚቃ ሰዎቻችን በተገናኙ ቁጥር የሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ። «በዚህ ሙያ ቤተሰብ ማስተዳደር ይቻላል ወይ?» የሚል ነው። መልሱን ከስሜት ሳይሆን ከሒሳብ እንጀምር።

አምስት ልጆች ያሉበት አንድ ባንድ ለቅዳሜ ማታ 1,000 ዶላር ተዋዋለ እንበል። ለድምፅ ማጉያ ኪራይ 200 ሲወጣ የቀረው 800 ለአምስት ይካፈላል፤ ለእያንዳንዱ 160 ዶላር ይደርሰዋል። ከዚህ ላይ ቤንዚን አለ፤ ፓርኪንግ አለ፤ ማንም የማይከፍልበት የልምምድ ሰዓት አለ። አራቱም ቅዳሜ ሥራ ቢገኝ እንኳ በወር 640 ዶላር ነው። ኮሎምቢያ ሃይትስ የባቡር ጣቢያው በ1999፣ ትልቁ የገበያ ማዕከል ደግሞ በ2008 (እ.ኤ.አ.) ከተከፈቱ ወዲህ ኪራዩ ሽቅብ ወጥቶ ስንቱን ወገናችንን ወደ ሜሪላንድና ወደ ቨርጂኒያ እንደሸኘ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በ640 ዶላር የአንዲት ክፍል ኪራይ መሙላቱ ያጠራጥራል። ስለዚህ ጨዋታ ብቻውን፣ ያውም በሳምንት አንድ ሌሊት፣ እንጀራ አይሆንም። ታዲያ ምን ይሻላል?

የኃይሉ መርጊያን ነገር እናንሳ። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች፣ በአዲስ አበባ ሂልተን ስንቱን ያስጨፈረ ሰው ነው። ባንዱ በ1981 ወደ አሜሪካ ለዝግጅት ሲመጣ ኃይሉና ጥቂት ባልደረቦቹ እዚሁ ቀሩ። በ1985 በዋሽንግተን አንድ አነስተኛ ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮኑንና የኤሌክትሪክ ኪቦርዶቹን ብቻውን እየደራረበ አንድ ካሴት ቀረጸ። ከዚያ ዓመታት አለፉ፤ መድረኩም ቀዘቀዘ። ኃይሉ ታክሲ ያዘ፤ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሰለፈ። መንገደኛ እስኪመጣ ድረስ ከመኪናው ዕቃ መጫኛ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር።

ያ ካሴት ግን ሥራውን አላቆመም። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶት ኖሮ ባለቤቱን አፈላልጎ ስልክ ደወለ። በ2013 ካሴቱ በሸክላና በሲዲ እንደገና ታተመ። የዚህ አሳታሚ ደንብ ደግሞ ትርፉን ከሙዚቀኛው ጋር እኩል መካፈል ነው። የአውሮፓና የአሜሪካ መድረኮች ተከፈቱለት፤ በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 «የኔ ምርጫ» የተባሉ አዳዲስ አልበሞች ተከተሉ።

ይህን ታሪክ ስንሰማ «ዕድል ነው» ብለን እናልፈዋለን። ዕድሉስ ይሁን። ነገር ግን ስልኩ ሲደወል የተደወለው ለማን ነበር? ለካሴት ነጋዴ ወይም ለሙዚቃ ቤት ሳይሆን ለራሱ ለኃይሉ ነው። የተዋዋለውም ገንዘቡን የተካፈለውም እሱ ነው። ታክሲው ቤቱን አቆመለት፤ የሥራው ባለቤትነት ደግሞ ሙያውን መለሰለት። ታክሲ መንዳት ለሙዚቀኛ ውርደት አይደለም። ውርደቱ የለፉበትን ሥራ ለአንድ ወር ኪራይ ብሎ ለዘላለም መሸጥ ነው።

የእኛ አገር ልማድ የታወቀ ነው። ዘፋኙ ሙሉ ካሴቱን ለሙዚቃ ቤት በቁርጥ ዋጋ ያስረክባል። ከዚያ በኋላ መቶ ይሸጥ መቶ ሺህ የሱ ጉዳይ አይደለም። የግጥሙና የዜማው ደራሲ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይዞ ይወጣል። ልማዱ እኛን ተከትሎ ውቅያኖስ ተሻግሯል። ሆኖም በራስ ቆሞ መሥራትም ባህላችን መሆኑ አይዘንጋ። ወጣቱ አምሐ እሸቴ በ1969 የመንግሥትን የሸክላ ኅትመት ሞኖፖል ደፍሮ የራሱን ማሳተሚያ ያቆመው አዲስ አበባ ላይ ነው። በኋላም በስደት እዚሁ ዋሽንግተን ምግብ ቤት ከፍቶ ኖሯል።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ፤ ብዙዎቻችን የማናውቀው ጥቅም እዚህ ላይ አለ። በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ መሠረት የሥራ ባለቤትነት ወደ ሌላ ሰው የሚተላለፈው ባለቤቱ በፈረመበት ጽሑፍ ነው። «ቡና ላይ ተስማምተን፣ ጥሬ ገንዘብ ተቀብዬ ማስተሩን ሰጠሁት» የሚል ሰው ቴፑን ሰጠ እንጂ ባለቤትነቱን አልሰጠም። ተቀባዩ ለማባዛት ፈቃድ አግኝቶ ሊሆን ይችላል፤ ባለቤት ግን አልሆነም። እዚህ አገር ካሴት ቀርጻችሁ ሳትፈርሙ ያስረከባችሁ ሁሉ ይህን ልብ በሉ።

የፈረማችሁም ቢሆን ተስፋ አትቁረጡ። ከ1978 ወዲህ በፈረመው ውል መብቱን የሰጠ ደራሲ ከ35 ዓመት በኋላ መልሶ ሊወስደው ይችላል። በ1995 የተፈረመ ውል ከ2030 ጀምሮ ለአምስት ዓመት ይህ በር ክፍት ነው ማለት ነው። ነገር ግን ቢያንስ ሁለት ዓመት አስቀድሞ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት ግዴታ ነው። መብቱ የሚመለሰው ለአሜሪካ ብቻ ነው ተብሎ ሲተረጎም ቆይቷል። በቅጥር የተሠራ ሥራ ደግሞ አይካተትም፤ እንደ ውሉ ዓይነትም ቆጠራው ሊለያይ ስለሚችል ጠበቃ ጠይቁ። «ገንዘብ የለኝም» ለሚል አቅመ ደካማ አርቲስቶችን የሚረዳ ዋሽንግተን ኤሪያ ሎየርስ ፎር ዘ አርትስ የሚባል ድርጅት አለ።

ለአዲሶቹ ሥራዎች ደግሞ ሁለት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ ከመልቀቃችሁ በፊት አስመዝግቡ። የቅጂ መብት መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ዋሽንግተን ነው፤ ምዝገባውም ከቤት ሆኖ በኮምፒውተር ያልቃል። ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ወዳለበት ስማችሁን አድርሱ። የአሜሪካ ኤፍ ኤም ሬዲዮ ለዘፋኙ አይከፍልም፤ የሳተላይትና የኢንተርኔት ሬዲዮ ግን ይከፍላል። ገንዘቡን የሚሰበስበው ሳውንድ ኤክስቼንጅ የተባለው ድርጅት ነው። ከመቶ 50 ለቅጂው ባለቤት፣ 45 ለዋናው አቅራቢ፣ 5 ለአጃቢዎች ያከፋፍላል። ባለቤቱም ዘፋኙም አንተው ከሆንክ 95 ከመቶው ያንተ ነው። ለግጥምና ለዜማ ደግሞ ሌሎች ሰብሳቢዎች አሉ፤ በነሱም ዘንድ መመዝገብ ያስፈልጋል። ስፖቲፋይ ከ2024 ጀምሮ በዓመት ከ1,000 ጊዜ በታች ለተደመጠ ዘፈን መክፈሉን ትቷል። ባንድካምፕ ላይ አንድ ወገን አልበሙን በ10 ዶላር ቢገዛ ግን የሱቁ ድርሻ 15 ከመቶ ነው፤ የካርድ ክፍያው ሲቀነስ የሚተርፈው ለሙዚቀኛው ይሄዳል። ከሺህ አድማጭ አንድ ገዢ የሚሻልበት ጊዜ አለ።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ፤ ወደ አድማጩ ማለቴ ነው። ለሠርጋችን የአበባ፣ የኬክና የሊሞዚን ዋጋ ሳንከራከር እንከፍላለን፤ ባንዱ ጋ ስንደርስ «ወንድሜ፣ ለወገን አስተያየት አድርግ እንጂ!» እንላለን። በር ላይ 20 ዶላር ሲጠየቅ «የባለቤቱ ዘመድ ነኝ» የሚለውስ ስንት ነው? የማኅበር በዓል ሲሆን ምግብ ለሠራችው ይከፈላል፤ ለዘፈነው ግን ጭብጨባ ይበቃዋል ይባላል። አገራችን ናፈቀችን ብለን የምናለቅሰው በነዚህ ሰዎች ድምፅ ነው። እንባችንን ያፈሰሰልንን ሰው ዋጋ ማስቀነስ ከቶ ምን ይባላል?

ለሙዚቀኞቻችን የምለው ይህ ነው። የቀኑን ሥራችሁን አትናቁ፤ ለጥቂት ዓመታት ሙያችሁን ይሸከምላችኋል። ነገር ግን ማስተራችሁን ለማንም አትስጡ፤ ያለ ወረቀት አትስማሙ፤ አጃቢዎቻችሁንም በጽሑፍ አስፍሩ፤ ነገ ገንዘብ ሲመጣ ወዳጅነት እንዳይፈርስ። ሙዚቀኛ የሚያረጀው በያዘው ነው እንጂ በተጫወተው አይደለም።

ለእኛ ለአድማጮች ደግሞ የቤት ሥራው ቀላል ነው። በመጪው ቅዳሜ የበሩን እንክፈል።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።