በምኩራብ የንባብ ቡድን የሚነሳው የአይሁድነት ጥያቄ

በአሜሪካና በእንግሊዝ ያሉ ብዙ ምኩራቦች ከጸሎቱ ጎን የመጽሐፍ ንባብ ቡድን አላቸው። አባላቱ የተመረጠውን መጽሐፍ በየቤታቸው አንብበው ይመጡና በረቢው ወይም ከመካከላቸው በአንዱ መሪነት ይወያያሉ። ነገሩ ከአይሁድ የትምህርት ባህል የወጣ ነው። ታልሙድ በወጉ የሚጠናው ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ሐሳብ እየሞገተ ሲሆን፣ በክርክሩ የተሸነፈው ወገን አስተያየትም ከመጽሐፉ ሳይፋቅ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1920 ፍራንዝ ሮዘንዝቫይግ ፍራንክፈርት ውስጥ የጎልማሶች ትምህርት ቤት የመራውም ከአባቶቻቸው እውቀት የራቁ የከተማ አይሁዶችን በዚሁ መንገድ ወደ ንባብ ለመመለስ ነበር።

ማንነትና ጸረ-ሴማዊነት አንድ ላይ ሲነሱ ውይይቱ ዞሮ ዞሮ የሚያርፍበት ጥያቄ አለ፦ አይሁዳዊውን አይሁዳዊ የሚያደርገው ራሱ የያዘው ነገር ነው ወይስ ጠላቱ ስለ እሱ የሚለው? ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዣን ፖል ሳርትር በ1946 ባሳተመው ድርሳን ሁለተኛውን መረጠ። እንደ እሱ ሐሳብ አይሁዳዊነትን የሚፈጥረው የጸረ-ሴማዊው ዓይን ነው። ድርሳኑ ናዚዎች በወደቁ ማግስት ለአይሁድ ጥብቅና የቆመ፣ ለጊዜው ድፍረት የሚጠይቅ ጽሑፍ ነበር። ሆኖም ሰንበትን፣ ሕጉን፣ በዓላቱንና የሺህ ዓመታት ሙግቱን ከቁጥር አላስገባም፤ ይህ ጉድለቱ ቀላል አይደለም። ዳራ ሆርን በ2021 ባወጣችው የድርሰቶች ስብስብ ከሌላ አቅጣጫ ትመጣለች። ዓለም ለሞቱ አይሁዶች እያለቀሰ በሕይወት ያሉትን ማየት እንደማይወድ ትከራከራለች። አምስተርዳም በሚገኘው የአና ፍራንክ ቤት ሙዚየም የሚሠራ አንድ አይሁዳዊ ወጣት የራስ ቆቡን በሌላ ኮፍያ እንዲሸፍን መታዘዙንና ሙዚየሙ ውሳኔውን የቀየረው ከወራት በኋላ መሆኑን በምሳሌነት ታነሳለች።

ጸረ-ሴማዊነት ከተራ ንቀት የሚለይበት ባሕርይ አለው። ተራ ዘረኝነት ተጠቂውን ዝቅ አድርጎ ያያል፤ ጸረ-ሴማዊነት ግን አይሁዶችን ዓለምን በስውር የሚመሩ ኃያላን አድርጎ ይስላል። የጥንቱ ጥላቻ ሃይማኖታዊ ነበር፤ በ1879 ጀርመናዊው ቪልሄልም ማር ጸረ-ሴማዊነት የሚለውን ስያሜ ባስፋፋበት ዘመን ወደ ዘር ተሸጋገረ። በ1903 ሩሲያ ውስጥ የታተሙት የጽዮን ሽማግሌዎች ፕሮቶኮሎች የተባሉት ወረቀቶች ከሌላ መጽሐፍ የተገለበጡ ፈጠራ መሆናቸውን የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ በ1921 አጋልጧል። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት አልፎም ተረቱ አልሞተም።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 27 ቀን 2018 በአሜሪካዋ ፒትስበርግ ውስጥ አንድ ታጣቂ በምኩራብ አሥራ አንድ ሰው ገደለ። ከግድያው በፊት በጽሑፉ ያወገዘው ሃያስ የተባለውን የአይሁድ የስደተኞች ረድኤት ድርጅት ነበር፤ ወራሪ ያስገባል ብሎ። ሃያስ ሃይማኖት ሳይለይ ከአፍሪካ ጭምር የተሰደዱ ሰዎችን ለዓመታት አሜሪካ ሲያሰፍር የኖረ ድርጅት ነው። በውጭ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ይህ የጎረቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ገዳዩ አይሁዶችን የጠላቸው እንደዚህ ኢትዮጵያዊ ላሉ ስደተኞች በር ይከፍታሉ ብሎ ነው።

የጥላቻው ድንበር ግን ሁልጊዜ እንዲህ ግልጽ አይደለም፤ እስራኤልን መንቀፍ የቱ ጋ ወደ ጥላቻ እንደሚሻገር ራሳቸው አይሁዶችም አይስማሙም። በ2016 ዓለም አቀፉ የሆሎኮስት መታሰቢያ ጥምረት ያጸደቀው የጸረ-ሴማዊነት ፍቺና በ2021 ምሁራን ያወጡት የኢየሩሳሌም መግለጫ የሚለያዩት በዋናነት በዚህ ነው።

የሳርትርን ሐሳብ ለመፈተን ከኢትዮጵያ አይሁዶች፣ ከቤተ እስራኤል፣ የተሻለ ታሪክ ማግኘት ይከብዳል። ክብረ ነገሥት የነገሥታቱን ዘር ከሰሎሞን ሲያስቆጥር፣ ኦሪትን የያዙት ጎረቤቶች ግን ለረጅም ዘመን ርስት ተነፍጓቸው በብረት ቀጥቃጭነትና በሸክላ ሥራ ኖሩ። ጠይብ ተባሉ፤ ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እየተባሉም ተፈሩ። ሐጋር ሳላሞን በ1999 ያሳተመችው ጥናት ይህንን እምነት ከራሳቸው አንደበት መዝግቧል። አማርኛ ተናጋሪው ስለ አውሮፓ ጥላቻ ከማንበቡ በፊት ከአያቶቹ የሰማውን ቢያስታውስ ጉዳዩን ከውስጥ ያውቀዋል።

ወደ እስራኤል ከተሻገሩ በኋላ ደግሞ ጥያቄው ተገለበጠ። የሴፋርዲም ዋና ረቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ በ1973 አይሁድነታቸውን ቢያጸኑም፣ የረቢዎቹ ጽሕፈት ቤት ምሳሌያዊ ጥምቀት ስለጠየቀ በ1985 ቤተ እስራኤል ኢየሩሳሌም ውስጥ ሰልፍ ወጡ። በ1996 የለገሱት ደም በስውር ሲጣል መኖሩ ታወቀና ተቃውሞው እንደገና ገነፈለ። አገር ቤት አይሁድ ናችሁ ተብለው የተገፉት፣ እዚያ አይሁድነታችሁን አረጋግጡ ተባሉ። የሌላው ዓይን እንዲህ ሲለዋወጥ እነሱ ሰንበትን፣ ኦሪትንና ስግድን አልለቀቁም፤ በ2008 የእስራኤል ፓርላማ ስግድን የአገሪቱ በዓል አድርጎ በሕግ ደነገገ።