የማርኮን ሐቅ ማን ይቅር አለ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። መጀመሪያ የተናደድኩት በሰፈራችን ወጣቶች ነበር፤ ሰንበትበት ብዬ ሳስበው ግን ከነሱ ይልቅ በራሴ ተናደድኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመስጂዳችን ጀማዓ ሁለት ጓደኛሞች አሉ፤ ከቁርኣን ቤት ጀምሮ አብረው ያደጉ። ገንዘብ አዋጥተው የሞባይል ዕቃ መሸጫ ከፈቱ። አንደኛው አባቱ ሞቶበት ለለቅሶ አገር ቤት ወረደና ሦስት ሳምንት ቆየ። ሲመለስ ዕቃው ተሸጧል፣ ገንዘቡ የለም፣ ጓደኛው ስልክ አያነሳም። ከወር በኋላ ጓደኞቻቸው ሁለቱንም ፈልገው አገናኟቸውና ከመግሪብ በኋላ መስጂድ ውስጥ ለሱልህ ተቀመጥን። ኢማማችን አሟቸው ስለነበር «አንተ ያዝልኝ» ብለው እኔን ላኩኝ።

ተበዳዩ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ሌላው ሁሉ የሚያወራው ስለ በዳዩ ነው። እናቱ ታማ እንደነበር፣ የቤት ኪራይ እንደተቆለለበት፣ በልጅነቱ አባቱ ጥሎት እንደሄደ። አንዱ ለወንድምህ ሰባ ዑዝር ፈልግ የሚለውን አባባል አመጣ። ሌላው ደግሞ ወደኔ ዞሮ «ኡስታዝ፣ ሬይነርን ብታውቀው ኖሮ እንዲህ አትፈርድም ነበር» አለኝ። ልጆቹ ሳቁ። ኡስታዝ ስለ አኒሜ ምን ያውቃል ብለው ነው። እኔ ግን ሬይነርን አውቀዋለሁ።

አዎ፣ አይቻለሁ። ስለ ሙዚቃውና ስለ ሥዕሉ ሑክም የሚፈልግ ዑለሞችን ይጠይቅ፤ የዛሬ ጉዳዬ እሱ አይደለም። እኛ «ሐራም ነው» ብለን በሩን ዘግተን ስንሄድ፣ ልጆቻችን ጓደኝነት ምን እንደሆነ፣ ክህደት ምን እንደሆነ፣ ማን ይቅር ሊባል እንደሚገባው በቴሌግራም ከሚያወርዱት ፊልም ተምረው ይመጣሉ። ከዚያ ሱልህ ላይ አብረውን ይቀመጣሉ።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። «አታክ ኦን ታይታን» የጃፓናዊው ሐጂሜ ኢሳያማ ሥራ ነው። ማንጋው ከ2009 እስከ 2021፣ አኒሜው ከ2013 እስከ 2023 እ.ኤ.አ ወጥቷል። ሰው ከሚበሉ ታይታኖች ሸሽቶ በታላላቅ ግንቦች ውስጥ የሚኖር ሕዝብ አለ። አንድ ቀን ግንቡ ይፈርስና የኤረን እናት ልጇ ዓይኑ እያየ ትበላለች። ኤረን አድጎ ውትድርና ይገባል። ለሦስት ዓመት አብሮት የሠለጠነ፣ ከአንድ ማዕድ የበላ፣ እንደ ታላቅ ወንድም የሚያየው ልጅ አለ፤ ሬይነር ይባላል። ግንቡን ያፈረሱት ሬይነርና ጓደኛው በርቶልት ናቸው። ማርሌይ ከሚባል አገር ገና በልጅነታቸው ለዚሁ ሥራ ተልከው የመጡ። ሬይነር ይህን ለኤረን የሚነግረው ግንቡ ላይ ቆመው፣ ልክ እንደ ተራ ወሬ አድርጎ ነው። ያየ ሰው ያን ሰዓት አይረሳውም።

ሰው የሚረሳው ማርኮን ነው። ማርኮ አብሯቸው የሠለጠነ፣ ቅን የሆነ ልጅ ነበር። ሬይነርና በርቶልት ምስጢራቸውን ሲያወሩ በአጋጣሚ ሰማቸው። ሬይነር መሬት ላይ ጣለውና ያዘው፣ አኒ የምትባለውን ጓደኛቸውን ደግሞ ከሰውነቱ ላይ መሣሪያውን እንድትፈታ አዘዛት፤ ያ መሣሪያ ከሌለ ከታይታን ማምለጥ የለም። ትተውት ሄዱ። እስኪ እንነጋገር እያለ እየለመናቸው ተበላ። የሚገርመው ደግሞ ሬይነር ከሩቅ ሆኖ እያየ፣ ማርኮ ለምን እየተበላ ነው ብሎ አለቀሰ።

አሁን ቲክቶክ ክፈቱና ሬይነርን ፈልጉት። ፊቱን ከሐዘን ዜማ ጋር አቀናብረው፣ ምስኪን፣ የተጎዳ፣ ማንም ያልተረዳው ጀግና አድርገውታል። ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው። ፊልሙ ከበዳዩ ጋር ቤቱ ድረስ ይሄዳል፤ እናቱን ያሳየናል፣ ያልተቀበለውን አባቱን ያሳየናል፣ ሌሊት ሲባንን ያሳየናል። የማርኮ እናት ቤት ግን ማንም አይሄድም። ናሩቶ ላይም ያው ነው። ኢታቺ የመንደሩ ሹሞች አዘውት የገዛ ጎሳውን ሰው በአንድ ሌሊት ፈጀ፤ ታናሽ ወንድሙን ሳስኬን ብቻ አተረፈ። ዛሬ ወጣቱ «እንደ ኢታቺ ያለ ወንድም የት ይገኛል» ይላል። የሞቱት ሰዎች ስም ግን አንድ ሰው አያውቅም።

እንግዲህ የኔ ክርክር እዚህ ላይ ነው። ዑዝር ሌላ ነው፣ ሐቅ ሌላ ነው። መድረሳ የገባ ደረሳ ሁሉ ያውቀዋል፤ ኢማሙ ነወዊ በሪያዱ ሷሊሒን የተውባ ምዕራፍ ላይ እንደዘረዘሩት፣ ወንጀሉ በባሪያውና በአላህ መካከል ብቻ ከሆነ ሸርጡ ሦስት ነው፤ ማቆም፣ መጸጸት፣ ላለመመለስ መቁረጥ። የሰው ሐቅ ካለበት ግን አራተኛ ሸርጥ አለ፤ ሐቁን ለባለቤቱ መመለስ፣ ወይም አውፍ ማስባል። ልብ በሉ፣ አውፍ የሚለው ባለቤቱ ነው። ተመልካቹ አይደለም፣ ጓደኛ አይደለም፣ ሱልህ የተቀመጠ ኡስታዝም አይደለም። አንተ ለሬይነር አልቅሰህ ስትጨርስ ይቅር ያልከው በማርኮ ሐቅ ነው። ማን ወከለህ?

ሰባ ዑዝር የሚለውም ቦታው ሌላ ነው። ወንድምህ ሰላምታህን ሳይመልስ ካለፈ፣ አልሰማኝ ይሆናል በል። ስለማታውቀው ነገር ነው፤ ከሱኡ ዞን እንድትጠበቅ ነው። ሒሳቡ ጎድሎ፣ መጋዘኑ ባዶ ሆኖ ከተገኘ በኋላ በሰው ገንዘብ ዑዝር መፈለግ ከየት መጣ?

አንዳንድ ወንድሞች «ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሓጢብን ምክንያት ሰምተው የለም ወይ?» ሊሉኝ ይችላሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አልሸሸውም። ሓጢብ ኢብኑ አቢ በልተዓ (ረ.ዐ) መካ ከመከፈቷ በፊት፣ በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ የሙስሊሞቹን ዝግጅት የሚገልጽ ደብዳቤ በአንዲት ሴት እጅ ለቁረይሾች ላከ። ዑመር (ረ.ዐ) አንገቱን ልምታው አሉ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግን መጀመሪያ ምን እንዳነሳሳው ጠየቁት። መካ ያሉት ቤተሰቦቹ ጠባቂ እንደሌላቸው፣ ለነሱ ብሎ እንዳደረገው እውነቱን ተናገረ፤ ተቀበሉት፣ የበድር ሰው መሆኑንም አስታወሱ። ስለዚህ በዳይን መስማት ሱና ነው፣ በዚህ አልከራከርም። ግን ቅደም ተከተሉን እዩ። ከመጠየቁ በፊት ዐሊይና አብረዋቸው የተላኩት ሰሓቦች ሴትየዋን ረውዷ ኻኽ ላይ ደርሰውባት ደብዳቤውን ተቀብለዋል። አደጋው ተይዟል፣ ጉዳት የደረሰበት ሰው የለም፣ ከዚያ በኋላ ነው ዑዝር የተሰማው። እኛ መስጂድ ውስጥ ግን ገንዘቡ ሳይመለስ፣ ስንት እንደሆነ እንኳ ሳይነገር ዑዝሩ ለአንድ ሰዓት ተሰማ።

ከሓጢብ ይልቅ ለኛ ወጣቶች የምመኘው የከዕብ ኢብኑ ማሊክን (ረ.ዐ) ታሪክ ነው። በ9ኛው ዓመተ ሒጅራ ከተቡክ ዘመቻ ቀረ። ሌሎች የቀሩ ሰዎች መጥተው እየማሉ ዑዝር አቀረቡ፣ በላይ በላዩ ተቀባይነት አገኙ። ከዕብ አንደበቱ የተባ ሰው ነበር፤ ቢፈልግ ከማንም የተሻለ ምክንያት መደርደር ይችል ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ፊት ቀርቦ ግን ምንም ዑዝር እንዳልነበረኝ አላህ ያውቃል የሚል ነገር ነው የተናገረው። ሃምሳ ሌሊት ሰው አላናገረውም። የአጎቱን ልጅ፣ ከሰው ሁሉ የሚወደውን አቡ ቀታዳን ሊያገኝ የግቢውን አጥር ዘሎ ገብቶ ሰላም ቢለው አልመለሰለትም። በዚያ ጭንቅ መሃል የገሳን ንጉሥ ባልደረባህ እንዳራቀህ ሰማን፣ እኛ ዘንድ ና የሚል ደብዳቤ ላከለት። ከዕብ ደብዳቤውን ምድጃ ውስጥ ከተተው። ሳስኬ ቂሙን ይዞ፣ ኃይል እሰጥሃለሁ ወዳለው ወደ ኦሮቺማሩ ሲሄድ «ምን ያድርግ፣ ተጎድቶ እኮ ነው» የምትሉ ወንድሞቼ፣ ይህን ምድጃ አስቡት።

አሁን ደግሞ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ፊልሙ ራሱ እናንተ የምትሉትን አይልም! አራተኛው ሲዝን ላይ ኤረን ከዓመታት በኋላ የሬይነር አገር ድረስ ሄዶ ምድር ቤት ውስጥ ፊት ለፊቱ ይቀመጣል። ዑዝሩን የሚያቀርብለት ተበዳዩ ኤረን ነው፤ ልጅ እንደነበር፣ የተማረው ያንኑ እንደነበር፣ ሌላ ምርጫ እንዳልነበረው ይነግረዋል። ሬይነር አልቀበልም ይላል። ጓደኞቹ እንመለስ ሲሉት ገፍቶ ያስቀጠላቸው እሱ መሆኑን፣ ያንንም ያደረገው ጀግና መባል፣ መከበር ፈልጎ መሆኑን፣ የኤረን እናት የሞተችው በሱ ጥፋት መሆኑን ይናገራል። ሰውየው በገዛ እጁ የወረወረውን ዑዝር እናንተ ከመሬት አንስታችሁ አቧራውን አራግፋችሁ መልሳችሁ ታለብሱታላችሁ።

ቀጥሎ የሚመጣውንም እዩ። ኤረን ተረድቶታል። እኔም እንዳንተው ነኝ ይለዋል። ከዚያ ተነስቶ ታይታን ሆነና ከላያቸው ባለው ሕንፃ የሚኖሩትን ምንም የማያውቁ ሰዎች ፈጀ። «ተረዳው» የምትሉት ነገር ኤረን ዘንድ እዝነት አልሆነም፣ ፈቃድ ሆነ። እሱም ተጎድቷል፣ እኔም ተጎድቻለሁ፣ እንግዲያውስ እኔም እችላለሁ አለ፤ መጨረሻው አብዛኛውን የሰው ዘር መርገጥ ነበር። ማንጋው በ2021 ሲያልቅ አርሚን ለኤረን የሚያመሰግነው የሚመስል ንግግር ብዙ አንባቢ አስቆጥቶ ነበር፤ በ2023 የአኒሜው መጨረሻ ሲወጣ ያ ንግግር ተቀይሯል። ደራሲውንም ሳይከነክነው አልቀረም ብዬ አስባለሁ። ኤረንን እስከ መጨረሻ የወደዱት ጓደኞቹ ያደረጉለት ግን እጁን መያዝ ነበር፤ ወንድምህን በዳይም ቢሆን እርዳው ሲባል ሰሓቦች ግራ ገብቷቸው ሲጠይቁ፣ ከበደል በመከልከል ነው ተብሎ የተነገራቸው ዓይነት።

ከሁሉም ግን እኔን የሚነካኝ ዣን ነው፤ የማርኮ ጓደኛ። እሳት ዳር ተቀምጠው ሬይነር የማርኮን አሟሟት ይነግረውና ይቅርታ ይጠይቀዋል። ዣን ተነስቶ ይደበድበዋል። በመሃል የገባችውን ትንሽ ልጅ ሳይቀር ይመታል፤ ያ ዙልም ነው፣ ልክ ነው አልልም። ግን ያን ሌሊት በማርኮ ስም ይቅር ብዬሃለሁ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። ጠዋት ሲነጋ አብሯቸው ሄደ፣ ምክንያቱም ኤረንን ማስቆም ዋጂብ ሆኖበታል። ሥራ አብሮ መሥራት ይቻላል፣ ሐቁ ግን ባለበት ነው።

ይቅርታን የምቃወም የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ነቢዩላህ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ወንድሞቻቸውን ይቅር ብለዋል። ጉድጓድ ውስጥ የተጣሉት ግን እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ወንድሞቻቸውም ጥፋተኞች ነበርን ብለው አምነዋል። ከጎን ቆሞ «አፉ በላቸው እንጂ፣ እነሱም እኮ አባታቸው አድልቶባቸው ነው» ያለ ሽማግሌ አልነበረም።

ያ ሽማግሌ እኛ መስጂድ ውስጥ ነበር። እኔ ነኝ። ልጆቹ ሁሉ ሲያወሩ ቆይተው ወደኔ ሲያዩ፣ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅልኝ፣ ዒሻም ስለደረሰ፣ «ወንድሜ አፉ በለው፣ የይቅርታ አጅሩ ትልቅ ነው» አልኩት። አባቱን ከቀበረ ሁለት ወር ያልሞላው ልጅ ነው። ምንም አልመለሰልኝም። በር ላይ ጫማውን አጥልቆ ወጣ። ከዚያ ወዲህ እኛ መስጂድ ሰግዶ አያውቅም።

ባለፈው ጁሙዓ የሚሰግድበትን መስጂድ ጠይቄ ሄድኩ። ከሶላት በኋላ በር ላይ ጠብቄ «አፉ በለኝ፣ በድዬሃለሁ» አልኩት። ዝም አለ። ምን እንደምል ስላጣሁ «ገንዘቡ ስንት ነበር?» አልኩት።

«እስካሁን ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም» አለኝ። 46 ሺህ ብር ነው።

የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ ዕዳን ስለመጻፍ ሆኖ ሳለ እኛ ወረቀት አላወጣንም ነበር። ማክሰኞ ኢማማችን ቤት ሁለቱንም ጠርተን ጻፍነው፤ በየወሩ 4 ሺህ፣ ሁለት ምስክር። ያኛው ልጅ በዚህ ጊዜ ስለ እናቱም ስለ ኪራዩም አላነሳም፣ «ወስጃለሁ» ብቻ አለና ፈረመ። የመጀመሪያው ክፍያ ወር ሲገባ ነው።

ይቅር ብሎት እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።