«ኢማኑ ደክሞ ነው» አትበሉት!

ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ፍሬሽማን ገብታችሁ ጄኔራል ሳይኮሎጂ የወሰዳችሁ ወንድሞችና እህቶች! «ሳይኮሎጂ የባህሪና የአእምሮ ሂደት ሳይንስ ነው» ብላችሁ ለፈተና ሸመደዳችሁ። ጓደኛችሁ ግን ምግብ ሲያስጠላው፣ እንቅልፍ ሲያጣ፣ ከዶርም አልወጣም ሲል «ኢማኑ ደክሞ ነው» አላችሁት። ታዲያ ምኑን ተማራችሁት?

«የኩፋር ትምህርት ነው» የምትሉም ስሙ፦ ጀርመናዊው ቩንት እ.ኤ.አ. በ1879 ላቦራቶሪውን ከመክፈቱ ከ900 ዓመት በላይ ቀድሞ፣ በ934 ያረፈው ሙስሊሙ ሊቅ አቡ ዘይድ አል-በልኺ ምክንያቱ የሚታወቅን ሐዘን ምክንያቱ ከማይታወቅ ሐዘን ለይቶ ጽፏል። ሁለተኛውን ከአካል ጋር አያይዞታል፤ ከኢማን ማነስ አላለውም።

ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን አዘውናል። ዱዓም ሩቅያም ይደረግ፣ ኦቶና ሆስፒታልም ይኬድ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ወንድማችሁ ላይ አትፍረዱ፤ እጁን ይዛችሁ ውሰዱት።