በነጻ የሚሠራልን ጥበቃና የእኛ ድርሻ

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲሉ የተረቱት ተረት ለገበያና ለእርሻ ብቻ የሚያገለግል አይደለም። በዛሬው የኮምፒዩተር ዘመንም እውነትነቱ እየጎላ የሄደ መሆኑን ለውድ ጓደኞቼ፥ ለተከበሩ መምህራኖቻችንና ወላጆቻችን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በየስልካችንና በየኮምፒዩተራችን ውስጥ የሚሠሩ ብዙ ፕሮግራሞች ኦፕን ሶርስ ከሚባሉት ወገን ናቸው። አሠራራቸው ለማንም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያነበዋል፥ ያሻሽለዋል፥ ያለ ዋጋም ይጠቀምበታል። ከእነርሱም ብዙዎቹን የሚጠብቋቸው ከመደበኛ ሥራቸው ተርፎ በሚያገኙት ጊዜ የሚደክሙ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ታዲያ ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ በተገኘ ጊዜ ፈጥነው እንዲደፍኑልን በእነርሱ ብቻ መተማመን ይገባናልን?

በኢንተርኔት የምንልከውን ምስጢር የሚቆልፈውን «ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል» የተባለውን ፕሮግራም እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. «ሃርትብሊድ» የተባለው ጉድለት ሲገለጥ ቀዳዳው 2 ዓመት ያህል ሳይታይ መቆየቱ ታወቀ። ታላላቅ ኩባንያዎች የሚገለገሉበትን ይህን ቁልፍ የሚሠሩት ግን ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ በዓመት የሚደርሳቸውም የእርዳታ ገንዘብ 2,000 ዶላር ያህል ብቻ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. የሆነው ደግሞ ይብስ ያስተምራል። «ኤክስ ዜድ» የተባለውን ፕሮግራም ለብዙ ዘመን አንድ ሰው ብቻውን ይጠብቀው ነበር። ሸክሙ የከበደበትን ይህን ሰው አንድ ማንነቱ የማይታወቅ ግለሰብ ሊያግዘው ቀረበ፤ ከ2 ዓመት በላይ በትጋት ሠርቶ ከታመነ በኋላም የሌባ በር አበጀበት። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ የግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየት አይቶ ባይመረምር ኖሮ ጉዳቱ እጅግ በሰፋ ነበር። ሊመረምር የቻለውም አሠራሩ ክፍት በመሆኑ ነው።

«እንግዲያውስ በገንዘብ የሚሸጠውን ብንገዛ አይሻልምን?» የሚሉ ይኖራሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። በሚሸጡትም ውስጥ እነዚሁ የነጻ ፕሮግራሞች ገብተው ይገኛሉ። ደግሞም ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በማርች 2017 ዓ.ም. የዊንዶውስን ቀዳዳ የሚደፍን ማሻሻያ አውጥቶ ሳለ፥ ከ2 ወር በኋላ «ዋናክራይ» የተባለው ጥቃት የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሳይቀር ያወከው ማሻሻያውን ያልጫኑ ብዙዎች ስለ ነበሩ ነው። መድኃኒት ከመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ በሽተኛ አያድንም።

በአገራችን ደቦ የጠራ ገበሬ ሠራተኞቹን ያበላል፥ ያጠጣል፤ በተራውም ወደ ጎረቤቱ እርሻ ይወጣል። እኛ ግን ደቦውን ተቀብለን ጠላውን ነፈግን፤ ከዚያም አልፈን «ለምን ዘገያችሁ?» እንላለን። እነርሱ ግን ፕሮግራሙን ሲሰጡን ያለ ምንም ዋስትና መሆኑን አስቀድመው ጽፈውልናል።

ስለዚህ በእነዚህ ፕሮግራሞች የሚያተርፉ ኩባንያዎች ለጠባቂዎቹ ይክፈሉ። ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች በየትኞቹ ፕሮግራሞች እንደሚገለገሉ መዝግበው ይያዙ፤ ማሻሻያ እንደ ወጣ የሚጭን ኃላፊም ይመድቡ። እኛ ተማሪዎችም ስልካችን ማሻሻያ መጥቷል ሲለን «ነገ» አንበል፤ ፕሮግራም መጻፍ የምንማረውም ጉድለት ስናይ ለጠባቂዎቹ በምስጢርና በትሕትና ማስታወቅን፥ ሲቻለንም አብሮ ማረምን ከአሁኑ እንልመድ።