ጥፋቱ የደንገሉ አይደለም

ካታማራን ጎን ለጎን ቆመው በአግዳሚ የተያያዙ ሁለት ቀጫጭን አካላት ያሉት ጀልባ ነው። ስሙ ከደቡብ ሕንድ፣ ከታሚል ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን «የታሰረ እንጨት» ማለት ነው። ስም አውጪዎቹ እንጨቱን ሲጠሩ እስሩን አልዘነጉም። በኢትዮጵያ ግን ጀልባ የሚለካው በተሠራበት ቁስ ነው። ብረት ወይም ፋይበርግላስ ከሆነ ዘመናዊ፣ ደንገል ከሆነ ኋላ ቀር ይባላል። ከደንገል የሚሠራው የጣና ሐይቅ ታንኳ በዚህ ሚዛን ተመዝኖ ቀልሎ ተገኝቷል፤ ሥራው ለጎብኚ ካሜራ መቆም ብቻ እስኪመስል ድረስ። ሚዛኑ ግን የተዛባ ነው። ጀልባን ጀልባ አድርጎ የሚያቆየው እስሩ፣ የእስሩ ውጥረትና በየጊዜው የሚደረግለት ጥበቃ ነው።

ይህን ለመረዳት ሐይቅ ዳር መቆም አያስፈልግም። ከእንጦጦ ወደ የካ ሰፈሮች የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክማ የምትወርድ ሴት ጠንቅቃ ታውቀዋለች። ገመዱን መሬት ላይ ትዘረጋለች፤ የጭራሮውን ወፍራም ጫፍ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እያፈራረቀች ትደረድራለች፤ በጉልበቷ ተጭና ትስባለች። ጭራሮው ሲጠቀጠቅ ገመዱ ስለሚላላ ደግማ ታጠብቃለች። የላላ ሸክም ቁልቁለት ላይ ወደ አንድ ጎን ተንሸራቶ ተሸካሚዋን ይዞ ይወድቃል። እንዲህ ያለ ሸክም ሲበተን ባሕር ዛፉን የሚወቅስ የለም። ነገሩ ጀልባ ላይ ሲደርስ ግን ይኸው ቀላል እውነት ይረሳል።

ታንኳ የሚሠራው በዚሁ ብልሃት ነው። ደንገሉ ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ በነዶ በነዶ ይታሰራል፤ ነዶዎቹ እርስ በርስ ይጠፈራሉ፤ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል። የደንገል ግንድ ውስጡ አየር የያዘ እንደ ስፖንጅ ያለ ነገር ነው፤ ተንሳፋፊነቱም ከዚያ ይመጣል። ጠብቆ የታሰረ ነዶ ውሃ የሚገባው ቀስ ብሎ ነው፤ የላላው ቶሎ ይጠጣል። የጣና ዳር ታንኳ ሠሪዎች የሆኑት ወይጦዎች ከጉዞ ሲመለሱ ታንኳቸውን ወደ ዳር አውጥተው የሚያደርቁት ለዚህ ነው። ከዘጌ ማገዶ ጭኖ ባሕር ዳር ገበያ የሚደርስ ታንኳ የዚህ ጥንቃቄ ፍሬ ነው።

ደንገል አይችልም ለሚል ሰው ትልቁ መከራከሪያ «ራ» የተባለችው የደንገል ጀልባ መጨረሻ ሊሆን ይችላል። ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 ከጣና በተወሰደ ደንገል፣ ከቻድ ሐይቅ በመጡ ሠሪዎች እጅ፣ በግብፅ ፒራሚዶች አጠገብ ይህቺን ጀልባ አሠራ። ራ ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ ተነሥታ አትላንቲክን ስታቋርጥ የኋላ ጫፏ እየሰመጠ ሄደ። ካሪቢያን ሳትደርስ ባሕረኞቹ ጥለዋት ወጡ። በጥንታዊ ግብፃውያን ሥዕሎች ላይ ከተቀለበሰው የኋላ ጫፍ ወደ ጀልባው ወለል ተወጥሮ የሚታይ ገመድ አለ። ማዕበል የደፈጠጠውን ጫፍ እንደ ስፕሪንግ መልሶ የሚያነሣው እሱ ነው። ራ ያጣችው ይህን ገመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ሁለተኛዋ ራ እንደገና ከጣና ደንገል፣ በዚህ ጊዜ በቲቲካካ ሐይቅ ሠሪዎች ተሠርታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። ደንገሉ ያው የጣና ደንገል ነው፤ የተለወጠው አሠራሩና እስሩ ነው።

የእሽቅድምድም ካታማራንም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። በዓለም ላይ በብዛት ከተሠሩት አንዱ የሆነው ሆቢ 16 ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ክብደቱ 145 ኪሎ ገደማ ነው። የሸራው ምሰሶ የሚቆመው አንዱ ወደ ፊት፣ ሁለቱ ወደ ግራና ቀኝ በተወጠሩ ሦስት የብረት ገመዶች (ካቦዎች) ነው። በሁለቱ አካላት መካከል ያለው ወለልም በገመድ የተጠፈረ ሸራ ነው። ጥፍሩ ሲላላ ሁለቱ አካላት ለየብቻ መወዛወዝ ይጀምራሉ፤ ጀልባውን ወደ ፊት ሊገፋ የሚገባው የነፋስ ጉልበት መገጣጠሚያውን ሲፈጭ ይውላል። ምሰሶው ከልክ በላይ ወደ ኋላ ከጋደለ ጀልባው ወደ ነፋሱ ልዙር እያለ መሪውን ያከብዳል። ወደ ፊት ከጋደለ ደግሞ ነፋስ ሲበረታ የፊት ጫፎቹ ውሃ ውስጥ ይጠልቃሉ።

ጥገናውም ከመገጣጠሚያው ይጀምራል። ጥንቁቅ ባለሙያ በካቦው ላይ፣ በተለይ ጫፉ ከብረቱ ጋር በተጨመቀበት ቦታ፣ ጨርቅ ያሻል። ጨርቁን የሚይዝ አንዲት የተበጠሰች ክር ካገኘ ካቦውን ይለውጣል። ቀጥሎ የጀልባውን አካል በሳንቲም ያንኳኳል። ጥርት ያለ ድምፅ የጤና ነው፤ የታፈነ ድምፅ ከሰማ ፋይበርግላሱ ከውስጠኛው ፎም ተላቋል ማለት ነው። እዚያ ላይ ትንንሽ ቀዳዳ በስቶ ኢፖክሲ የተባለ ሙጫ ይሞላል። ፋይበርግላስ ራሱ በሙጫ የታሰረ የመስታወት ክር ነውና፣ ሙጫው ሲለቅ እስሩ እንደተፈታ ነዶ ይሆናል።

ታንኳ እንከን የለውም አይባልም። ውሃ ይጠጣል፤ በወራት ውስጥ ያረጃል፤ የሞተር ጀልባን ፍጥነት አይደርስበትም። ሞተር ጀልባ መግዛትም ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ ጥንካሬ ተገዝቶ የሚመጣ ነገር ነው ብሎ ማመን ነው። ይህ እምነት በሁለት በኩል ያከስራል። የተገዛው ጀልባ የላላውን የሚያጠብቅ እጅ አጥቶ ያለ ጊዜው ይጣላል። የጣና ዳር የደንገል ረግረግ ለእርሻ ሲመነጠር፣ የታንኳ ሠሪዎችም ጥበብ ወራሽ ሲያጣ እንደ ጉዳት አይቆጠርም። ጀልባ መጠገን የሚያስተምር ሁሉ ከሞተሩ በፊት ከቋጠሮው ሊጀምር፣ የጣና ታንኳ ሠሪንም በመምህርነት ሊያከብር ይገባል። ታንኳው ከጉዞ ተመልሶ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ፣ የላላው ገመድም ሲጠብቅ የሚታየው ሥራ የዚያ ትምህርት የመጀመሪያው ክፍል ነው።