የከፈለ ይጠይቅ

«መድን ሰጪው አስቀድሞ አረቦን ስለ ተቀበለ፣ ካሣውን ከከፈለ በኋላ ጉዳት አድራሹን መክሰሱ ድርብ ትርፍ ነው» የሚለው በቅርቡ ታትሞ የወጣ ሐሳብ፣ ለድኻ የተቆረቆረ ቢመስልም፣ የበደለኛውን ዕዳ በንጹሐን አረቦን ከፋዮች ትከሻ ላይ የሚጭን ነውና ከፍትሕም ከርትዕም የራቀ ነው።

የ1952ቱ የንግድ ሕግ አንቀጽ 683 መድን ሰጪውን በተጎጂው እግር የሚተካው በከፈለው ልክ ብቻ ነው፤ የመድን ገቢውን ልጆች፣ ወላጆች፣ ሠራተኞችና አብረውት የሚኖሩትንም፣ በተንኮል ካላጠፉ በቀር፣ ከክስ ይጠብቃል።

ሁለት መኪኖች ተጋጭተው ጥፋቱ በይበልጥ የማን እንደ ሆነ ማስረጃ ሲታጣ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2084 ጉዳቱን እኩል ስለሚያካፍል፣ ለደንበኛው 100,000 ብር የከፈለ መድን ሰጪ፣ ሌላው መኪና ምንም ካልተነካ፣ የሚያስመልሰው 50,000 ብቻ ነው። ታዲያ ትርፉ ወዴት አለ? ሕግ አውጪው ይህን መብት እንዳይሽር አጥብቄ እማፀናለሁ።