ፈንገሱን ሳናውቀው ጭዳችንን አንስጠው

ዛሬ የማነሳው የራሴን ሐሳብ ነው፤ ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

አምና ከአንዲት እናት ጋር በስንዴ ጭድ ላይ የኦይስተር እንጉዳይ ጀመርን። ጭዱን በሙቅ ውሃ በደንብ ሳንዘፈዝፈው ቸኩለን ዘሩን ጨመርን። ብዙም ሳይቆይ ከረጢቱ ውስጥ አረንጓዴ ሻጋታ ወጣ። "ልጄ፣ ለላሜ ልስጣት ወይስ ልድፋው?" አሉኝ። እንዲደፉት ነገርኳቸው። የከሰረው የሳቸው ጭድ ነው፤ የኔ ደመወዝ አልተነካም። ከዚያ ወዲህ "ፈንገስ ጭድን መኖ ያደርጋል" ብሎ ብቻ ማስተማር ልክ አይመስለኝም። የትኛው ፈንገስ? እንዴት አድርጎ? ይሄም መነገር አለበት።

ቤት ስንሠራ ማገሩን ጭቃ እንደሚይዘው፣ በጭድና በእንጨት ውስጥም ሊግኒን የሚባል ነገር አለ። ከብት የሚፈልገው ማገሩን ነው፤ ጭቃው ግን ሸፍኖበታል። እንደ ኦይስተር ያሉ እንጨት አብስባሽ ፈንገሶች ይህን ጭቃ የሚያላቅቅ ላኬዝ የሚባል ኢንዛይም አላቸው። ላኬዝ በውስጡ መዳብ አለው፤ የሚሠራውም ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው። የተላጠ ድንች አየር ሲያገኘው ይጠቁር የለ? እሱም የዚሁ ኢንዛይም ዘመድ ሥራ ነው።

ተመራማሪዎች ፈንገሱን በፉርሽካ ወይም በጭድ ላይ ያሳድጉና ኢንዛይሙ ያለበትን ፈሳሽ ያጠልላሉ። ጓያኮል የሚባል ኬሚካል ሲጨምሩበት ቀይ ቡናማ ከሆነ ላኬዙ እየሠራ ነው። ቀለሙ የሚመጣበትን ፍጥነት ለክተው ጉልበቱን ያውቃሉ። በስንት ዲግሪ ሙቀት እንደሚበረታ፣ በስንት እንደሚሞት፣ ምን ያህል አሲድ እንደሚስማማው አንድ በአንድ ይፈትሻሉ።

"ይሄ ለኛ ምን ያደርግልናል?" የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ብዙ ነገር ያደርጋል እላለሁ። ላኬዝ አየር ስለሚፈልግ ከረጢቱ ቀዳዳ ያስፈልገዋል። በላም ሆድ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ አየር የለም፤ ስለዚህ ጭዱ መላላት ያለበት ላሟ ሳትበላው፣ ውጭ ነው። አረንጓዴው ሻጋታ ቀድሞ ከያዘው ደግሞ ኦይስተሩ ቦታ ያጣል። ጭዱን እጅ በማያስነካ ሙቅ ውሃ፣ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ባለው፣ ለአንድ ሰዓት ያህል መዘፍዘፍ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እኔ የዘለልኩት ይህንኑ ነበር።

አንድ ነገር ልደብቃችሁ አልፈልግም። ፈንገሱ ጭቃውን ብቻ አይበላም፤ ከማገሩም ይወስዳል። ብዙ ከቆየ ለከብቱ የሚተርፈው ያንሳል። ስለዚህ የክረምት መኖ ብላችሁ ያስቀመጣችሁትን ክምር በሙሉ ለዚህ አትስጡ። በሁለት በሦስት ከረጢት ጀምሩ። እንጉዳዩን ብሉት ወይም ሽጡት። የቀረው ጭድ ነጭ ሆኖ ጥሩ የእንጉዳይ ሽታ ካለው፣ ከሌላ መኖ ጋር በጥቂቱ ሞክሩት። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ካለበት ለከብት አይሰጥም፤ ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ ይግባ።

ጫካ ሄዳችሁ የበሰበሰ ግንድም እዩ። ነጭ ሆኖ እንደ ቃጫ የሚተረተር ከሆነ ፈንገሱ ሊግኒኑን እየበላ ነው። ቡናማ ሆኖ በአራት ማዕዘን የሚሰነጣጠቅ ከሆነ ሊግኒኑን ትቶ ማገሩን የበላ ሌላ ዓይነት ነው። ለማወቅ እዩት እንጂ ከጫካ አምጥታችሁ ጭድ ላይ አታድርጉ፤ ላዩ ላይ የበቀለውንም እንጉዳይ አትብሉ፤ የሚገድል አለ። ዘሩን ከታወቀ ቦታ ብቻ ውሰዱ።

ለተመራማሪዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ፦ የላኬዙ ጉልበት በጠርሙስ ተለክቶ ብቻ አይቅር። በኛ ጤፍ ጭድ፣ በኛ ላሞች ፊት ይለካ። ኪሳራውን ገበሬው ብቻ መሸከም የለበትም።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? የሞከራችሁ ካላችሁ የተሳካውንም የተበላሸውንም ከታች ጻፉልን። ስልክ ለሌለው ጎረቤት አንብቡለት። መልካም የሥራ ጊዜ!